«ቴሌስኮፕ»፦ ከመሣሪያ ስም ወደ መጠይቅ ስሕተት

እ.ኤ.አ. በ1608 የሆላንዱ መነጽር ሠሪ ሃንስ ሊፐርሃይ ሩቁን አቅርቦ ለሚያሳይ መሣሪያ የባለቤትነት መብት ሲጠይቅ፣ ዕቃው ገና የጸና ስም አልነበረውም። ጋሊሌዮም በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ በላቲን «ፔርስፒኪሉም» ይለው ነበር። «ቴሌስኮፕ» የሚለው ስያሜ የወጣው በ1611 ሮማ ላይ ለጋሊሌዮ ክብር በተደረገ ግብዣ ሲሆን፣ አውጪውም ጆቫኒ ዴሚሲያኒ የተባለ ግሪካዊ ሊቅ እንደ ነበረ ይነገራል። በግሪክኛ «ቴሌ» ሩቅ፣ «ስኮፔይን» መመልከት ማለት ነው።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ግሥ በሆነ ጊዜ ግን ከመመልከት ጋር የነበረው ዝምድና ላላ። መርከበኞች ይይዙት የነበረው መነጽር አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ እየገባ የሚያጥር ስለ ነበር፣ ሕዝቡ የወረሰው የመስተዋቱን ሥራ ሳይሆን የቱቦውን ቅርጽ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ባቡሮች ተጋጭተው አንዱ ፉርጎ በሌላው ውስጥ ሲሰገሰግ አደጋው በዚሁ ግሥ ይገለጽ ነበር። የሁለት ዓመት ትምህርት በአንድ ዓመት ተጨምቆ ሲሰጥም እንዲሁ ይባላል። ስለዚህ «ቴሌስኮፒክ አንቴና» የሚለውን ያነበበ ተማሪ «ሩቅ የሚያይ አንቴና» ብሎ ቢተረጉም፣ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን ሥርወ ቃሉን ብቻ ነግሮ ያለፈው መምህር ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላው ፍች ነው። ኔተርና ዋክስበርግ የተባሉ የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ1964 ባወጡት ጥናት፣ ቤተሰቦች ለቤት እድሳት ያወጡትን ወጪ ሲጠየቁ ቀደም ያለውን ወጪ ወደ ቅርቡ ጊዜ ስበው እንደሚያስገቡ አመለከቱ፤ ስሕተቱንም በዚሁ ቃል ሰየሙት። እዚህ ላይ ሩቁን ማቅረብ የሚለው የጥንቱ ፍች የተመለሰ ይመስላል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። «ልጅዎ ባለፉት ስድስት ወራት ስንት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ?» ተብሎ የተጠየቀ ወላጅ የስምንት ወሩን ሕመም ቢጨምር፣ የቀሪዎች ቁጥር ያለ አግባብ ያብጣል፤ በዚያም ቁጥር ላይ በጀት ይደለደላል። ኔተርና ዋክስበርግ የተጠቀሙበት መፍትሔ ተጠያቂውን ሁለት ጊዜ መጠየቅና በመጀመሪያው የተናገረውን በሁለተኛው ማስታወስ ነበር፤ ወጪው ግን ቀላል አይደለም። ሎፍተስና ማርበርገር በ1983 ያሳዩት መንገድ ይቀላል፤ ይኸውም የወራትን ቁጥር ትቶ ሁሉም ከሚያስታውሰው ጉልህ ድርጊት ወዲህ ያለውን መጠየቅ ነው። በእኛ አገር መጠይቅ «ከጥምቀት ወዲህ» ወይም «ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ» ብሎ መጻፍ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።