የእባብ ግብር

ቡቲዬ በኬንያዊቷ ሞያሌ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ትገኛለች። በሞያሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና በአንድ ወገን ወደ አዲስ አበባ፣ በሌላው ወደ ናይሮቢ ይዘልቃል። እባብን ስለ መመገብ የሚነገረው ታሪክም በሁለቱም አቅጣጫ ይገኛል፤ በሰሜን በትውፊት፣ በደቡብ በተቋም።

በሰሜኑ ትውፊት፣ አክሱምን አርዌ የተባለ ዘንዶ ይገዛት ነበር። ሕዝቡም ከብቱንና ልጃገረዶቹን ይገብርለት ነበር። በመጨረሻ አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ የተሰጣት ፍየል አቅርቦለት ገደለው፤ በምትኩም ነገሠ። ትረካው ስለ ንግሥና አመጣጥ ቢሆንም አንድ ቁም ነገር አዝሏል፤ ተመጋቢው የቱንም ያህል ኃያል ቢሆን ሕይወቱ በመጋቢው እጅ ነው።

በደቡብ፣ በናይሮቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከብሔራዊ ሙዚየሙ አጠገብ የእባብ ፓርክ ተከፈተ፤ ዘንዶ፣ እፉኝት፣ አዞና ኤሊ ለሕዝብ የሚታዩበት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ማቆያ በዓለም ላይ የቆየ ታሪክ አለው። የለንደኑ የእንስሳት ማቆያ ለተሳቢ እንስሳት ልዩ ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1849 ነበር። በዚያም እባቦች በሕይወት ያለ እንስሳ ሲውጡ ማየት ለጎብኚ ትርኢት ሆኖ ቆየ፤ ተቃውሞም አስነሣ።

ክርክሩ ዛሬም እባብ በቤታቸው በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ አለ። አንዳንዶች «በዱር ማን ገድሎ ያቀርብለታል?» ይላሉ። ነገር ግን በዱር አይጧ ማምለጥ፣ እባቡም ትቷት መሄድ ይችላል። በሣጥን ውስጥ ግን ሁለቱም መውጫ የላቸውም። ያልራበው እባብ ችላ ያላት አይጥ መልሳ ትነክሰዋለች፤ ቆዳውን እስከ መቦጨቅም ትደርሳለች። ስለዚህ ብዙ አሳዳጊዎች አስቀድሞ የተገደለና በማቀዝቀዣ የቆየ አይጥ አቅልጠውና አሙቀው፣ በረጅም መቆንጠጫ እያወዛወዙ ያቀርባሉ። ብዙ ዘንዶዎች በከንፈራቸው ዙሪያ ባሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ሙቀትን ስለሚለዩ፣ የሞቀውን ሕያው መስሏቸው ይይዛሉ። የሞተውን አልቀበልም የሚል እባብ ግን አይጠፋም፤ እርሱን ማለማመድ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ፍየል የሚያረባው የቡቲዬ ሰው ለእንግዳው ሲያርድ ቢላዋውን አስቀድሞ ይስላል፤ የከብቱ ስቃይ እንዳይረዝም ነው። እባብን በሣጥን የዘጋ ሰውም ከዚህ ያነሰ ግዴታ የለበትም። አርዌ ግብሩን በኃይል ይቀበል ነበር፤ የሣጥኑ እባብ ግን የተሰጠውን ብቻ ይበላል። ስለዚህ ለሚበላውም ለሚበላለትም ተጠያቂው ሣጥኑን የዘጋው ሰው ነው።