አፈሩ ሳይመረመር
አንድ ሕንፃ ከመቆሙ አስቀድሞ አፈሩ እንደሚመረመር ከሙያ ባልደረቦቻችን የተሰወረ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ግን ይህን ዘንግቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ክለቦቹን ከ18 ወደ 24 አሳደገ፤ በ1984 ዘጠኝ ብቻ ቀርተውት ከዚያ በኋላ ፈረሰ።

በ1996 በ10 ክለቦች የተጀመረው ሜጀር ሊግ ሶከርም በ1998 የጨመረውን የማያሚ ክለብ ከታምፓ ቤይ ጋር በ2002 ለመዝጋት ተገደደ። ኮሎምበስ ግን በ1999 ለእግር ኳስ የታነጸ ስታዲየም ነበራት። ከዚያ ወዲህ ከተማ ሲመረጥ የባለሀብቱ አቅም፣ የስታዲየሙ ዕቅድና የደጋፊው ብዛት ይመዘናሉ።

ይሁን እንጂ በ2017 የዚያው የኮሎምበስ ክለብ ባለቤት ቡድኑን ወደ ኦስቲን ሊወስድ ተነሣ። ስታዲየሙ ብቻውን አላገደውም፤ አዲስ ገዢዎች እስኪገኙ ድረስ ደጋፊዎቹ ታገሉ፣ ክለቡም በከተማው ጸና። እንግዲህ ከተማ መራጩ የሕዝቡንም ፍቅር ከተሸካሚ ዓምዶች ሊቆጥረው ይገባል።