የሐይቅ ጥልቅ ውኃና የዓሣ ማጥመጃው ሳንቃ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሐይቅን ውኃ ሳያደንቅ አያልፍም። ስፋቱ በዓይን ይታያል፤ ጥልቀቱ ግን በዓይን አይመዘንም። ባለሙያዎች በለኩት ጊዜ 88 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ስለማይታየው ጥልቀትና የሰው ልጅ በየዘመኑ ወደ ውኃው ስለ ዘረጋው እጅ ነው።

ለጥንቱ ሰው ጥልቁ ውኃ ቅጥር ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በደሴቱ ላይ የእስጢፋኖስን ገዳም በትምህርትና በመጻሕፍት ሲያደራጁ፥ ሐይቁ ከዓለም ሁካታ ለያቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ተምረዋል፤ የገዳሙ አበው በዓቃቤ ሰዓትነት ማዕርግ በቤተ መንግሥት ተከብረዋል። በ1524 ዓ.ም. ግን ኢማም አሕመድ በአምባሰል ድል ካደረገ በኋላ ከሐይቁ ዳር ሰፍሮ፥ ጦሩ ወደ ደሴቱ የሚሻገርበትን ተንሳፋፊ አሠራ። መነኮሳቱም ቤተ ክርስቲያናቸው እንዳይቃጠል ሀብታቸውን አስረከቡ። ስለዚህ ውኃ የሚጠብቀው፥ የሚሻገርበት ብልሃት እስኪመጣ ድረስ ብቻ መሆኑን ታሪክ ያስረዳናል።

በሌላው ዓለምም ሰው ጥልቁን ውኃ በብልሃት ደፍሮታል። በስኮትላንድና በኖርዌይ ሐይቆች ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ በገመድ የሚጎተት ሳንቃ ለዓሣ ማጥመጃ ይውል ነበር። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ጀልባው ወደ ፊት ሲሄድ ውኃው የሳንቃውን ገጽ በአግድም ይገፋዋል፤ ሳንቃውም የመንጠቆውን ገመድ ይዞ ከጀልባው ወደ ጎን ይርቃል። በዚህም ዓሣው በጀልባው ድምፅ አይደነግጥም፤ ብዙ ገመዶችም ሳይጠላለፉ ሰፊ ውኃ ያስሳሉ። ውኃው ጥልቅ ሲሆን ገመዱን የሚያሰምጥ ክብደት ስለሚጨመር፥ ያን የሚሸከም ትልቅ ሳንቃ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ፥ በሚቺጋን ሐይቅ፥ ነባሩ አዳኝ ዓሣ ተመናምኖ ትንንሾቹ ከልክ በላይ በበዙ ጊዜ፥ በ1958 ዓ.ም. ሳልሞን የተባለው ዓሣ ተጨመረበት። ሳልሞን ሌላውን ዓሣ እያሳደደ የሚበላ በመሆኑ፥ የሚጎተት መንጠቆ ይስበዋል። ለእንዲህ ያለው ዓሣ ሳንቃው ተስማሚ መሣሪያ ነው።

ወደ ሐይቃችን እንመለስ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ለሕዝቡ ምግብ እንዲሆን ተብሎ ወደ ሐይቅ ገባ። ዓሣውም ረባ፤ ታንኳና መረብ ላለው ሁሉ እንጀራ ሆነ። ይሁን እንጂ የውኃውን አረንጓዴ ደቂቅ ተክል እየበሉ ውኃውን ያጠሩ የነበሩት ጥቃቅን እንስሳት በቆሮሶ መበላታቸውን፥ የቀድሞው የውኃው ጥራትም መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ የገባበት ነገር ሁሉ በዚያው ይቀራል።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «የሐይቅ ውኃ ጥልቅ ነውና የአሜሪካኑን ሳንቃ እናምጣ» ቢል ምን እንመልስለታለን? ቆሮሶ በአብዛኛው ደቂቅ ተክል የሚመገብ ነው፤ የሚሮጥ መንጠቆ አያሳድድም። ከዚህም በላይ የጥልቁ ውኃ እስትንፋስ የሚሆን አየር ስለሚያንሰው፥ ዓሣው የሚኖረው ከላይኛው ክፍልና ከዳርቻው ነው። 88 ሜትር ጥልቀት 88 ሜትር ሲሳይ ማለት አይደለም። ሳንቃው መልካም ነው፤ ሐይቁም መልካም ነው፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

ይህን ማንሣታችን በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጣችሁ የሀገር ጉዳይ ለምትመረምሩና ለምትፈርሙ አንባቢዎች ይጠቅማል ብለን ነው። ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ቢያሳስት ገንዘብ ይባክናል፤ ወደ ሐይቅ የተጣለ ዓሣ ግን በፊርማ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ ማኅተሙ ከመመታቱ በፊት፥ ውኃውን የለካው ባለሙያና በታንኳው ላይ ያረጀው ዓሣ አጥማጅ አብረው ይጠየቁ። ሐይቅ የአባቶቻችንን መጻሕፍት አቅፎ ያቆየ ውኃ ነውና፥ ለልጆቻችን ስናስረክበው ያደረግንበትን ሁሉ አውቀንና መርምረን ያደረግነው ይሁን።