ምሩጽ ይፍጠር

ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር (በይፋዊ መዝገቡ መሠረት ግንቦት 7 ቀን 1936 ዓ.ም. አዲግራት፣ ትግራይ – ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ቶሮንቶ፣ ካናዳ) በ5,000 እና በ10,000 ሜትር የሮጠ ኢትዮጵያዊ አትሌት ነው። በሞስኮ ኦሎምፒክ በሁለቱም ርቀቶች ወርቅ አግኝቷል። በአንድ ኦሎምፒክ ሁለቱን ደርበው ካሸነፉ ወንዶች ከሐነስ ኮለህማይነን፣ ከኤሚል ዛቶፔክ፣ ከቭላዲሚር ኩትስ እና ከላሴ ቪረን ቀጥሎ አምስተኛው፣ ከአፍሪካ ደግሞ የመጀመሪያው ነው። በአገር ቤት «ማርሽ ቀያሪው» በሚለው ቅጽል ይታወቃል።

በኦሎምፒክ ካገኘው የመጀመሪያ ሜዳሊያ እስከ ወርቁ ድረስ ስምንት ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት አንድ ውድድር በመቅረት አምልጦታል፤ አንድ ኦሎምፒክ ደግሞ በፖለቲካ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ቀርቶበታል። ስለዚህ ስለ እሱ የሚጻፈው ከፍጥነቱ እኩል ስለ ትዕግሥቱና ስለ መንፈስ ጽናቱ ነው፤ ይህ መጣጥፍም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

አንባቢ ስለ ዓመታቱ ሊጠነቀቅ ይገባል። ምሩጽ ነሐስ ያገኘበት የሙኒክ ኦሎምፒክ የተካሄደው በፈረንጆች 1972፣ የሞስኮው ደግሞ በእኛ 1972 ነው። «የ1972ቱ ኦሎምፒክ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ጽሑፍ ነሐሱን ከወርቁ ጋር ሊያቀላቅል ይችላል። ከዚህ በታች ዓ.ም. የሚለው ሁሉ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ልጅነትና አየር ኃይል

በአዲግራት አካባቢ ተወለደ። በወጣትነቱ በፋብሪካ ሠራተኝነትና በጋሪ ነጂነት እንደኖረ ይጻፋል። በኋላ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ባልደረባ ሆነ፤ ለብሔራዊ ቡድን የበቃውም ከዚያ ነው። ስሙ በትግርኛ «የተመረጠ» ማለት ነው።

ደርሃም፣ 1963

ምሩጽ በዓለም አቀፍ መድረክ መጀመሪያ ስሙ የተነሣው በስሕተት ነው። በሐምሌ 1963 ዓ.ም. በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ፣ የአፍሪካ ምርጥ ቡድን ከአሜሪካ ጋር ተገናኘ። በ5,000 ሜትሩ ከአሜሪካዊው ስቲቭ ፕሪፎንቴን ጋር እየተናነቀ ሳለ የመጨረሻው ዙር የደረሰ መስሎት አፈተለከ፤ ተፎካካሪውን ጥሎ መስመሩን አለፈና ሩጫውን አቆመ። ገና አንድ ዙር ይቀር ነበር። ፕሪፎንቴን አልፎት ሄዶ አሸነፈ።

በማግስቱ 10,000 ሜትር ነበር። ምሩጽ ተሰለፈ፤ በቀጣዩ ዓመት የሙኒክ ማራቶን አሸናፊ የሚሆነውን ፍራንክ ሾርተርንም ቀደመው። የስፖርት ጸሐፊዎች የዙር ቆጠራውን ስሕተት ደጋግመው ያነሣሉ፤ በዚህ አዘጋጅ ግምት ግን ከሁለቱ ቀናት ይበልጥ የሚናገረው ሁለተኛው ነው። በብዙ ሕዝብ ፊት እንዲያ ያለ ነገር የደረሰበት ሯጭ በማግስቱ ጫማውን አጥብቆ 25 ዙር መሮጡ፣ ኋላ ለሚመጣው ሁሉ መነሻ ሊባል ይችላል።

ሙኒክ እና ያልተሰለፈበት ውድድር

ነሐሴ 28 ቀን 1964 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ምሩጽ በ27 ደቂቃ ከ40.96 ሰከንድ ሦስተኛ ሆነ። ውድድሩ በራሱ ታሪክ ያለው ነው። ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን መሐል ላይ ወድቆ ተነሣና የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አንደኛ ወጣ፤ ቤልጂየማዊው ኤሚየል ፑተማንስ ሁለተኛ ሆነ። ይህ ነሐስ ለምሩጽ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነበር፤ ሰዓቱም በዚህ ርቀት በሕይወት ዘመኑ ካስመዘገበው ሁሉ ፈጣኑ ሆኖ ቀርቷል።

ቀጥሎ በ5,000 ሜትር ሲጠበቅ ግን ሳይሰለፍ ቀረ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዱ ወገን መጸዳጃ ቤት ገብቶ ጊዜው አለፈበት ይላል። ሌላው ወደ ሜዳ የሚያስገባውን በር ስቶ በሌላ በር ሲንከራተት ውድድሩ ተጀመረ የሚል ነው። ሦስተኛው ጥፋቱን በአሠልጣኞቹ ላይ ያደርጋል፤ ሰዓቱን በትክክል አልነገሩትም ይላል። አራተኛም አለ፦ ሆን ብሎ ነው የቀረው የሚለው ክስ። ይህ የመጨረሻው በአገር ቤት ክፉኛ ጎድቶታል ይባላል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱን መርጦ ማጽናት አስቸጋሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እርስ በርስ አይጋጩም፤ ሰው መጸዳጃ ቤት ቆይቶ፣ ከዚያ ቸኩሎ በር ሊስት ይችላል። ሦስተኛውም ቢሆን በማያውቀው አገር፣ ቋንቋ በማይሰማበት ከተማ ላለ ወታደር የማይመስል አይደለም። በዚያ ላይ የውድድሩ ሳምንት ፍልስጥኤማውያን ታጣቂዎች በእስራኤል ቡድን ላይ አደጋ የጣሉበትና ጨዋታው ለጊዜው የተቋረጠበት ነበር፤ መርሐ ግብሩም ተዛንፏል። ሆን ብሎ የቀረ ነው የሚለው ግን ከሰውየው አካሄድ ጋር አይገጥምም። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በሁለት ርቀት መደረብን ሲፈልግ እንጂ ሲሸሽ የታየበት ውድድር የለም።

ወደ አገሩ ሲመለስ ታስሮ እንደነበር የሚገልጹ ጽሑፎች አሉ። በእስር ላይ ሆኖም ልምምዱን እንዳላቋረጠ፣ የተፈታውም ለሚቀጥለው ውድድር ሲፈለግ እንደሆነ ይተርካሉ። ዝርዝሩ ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያልና እንደ ተነገረ ብቻ ሊያዝ ይገባል። በመዝገብ የሠፈረው ግን ይህ ነው፦ በጥር 1965 ዓ.ም. ሌጎስ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ ምሩጽ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ደግሞ ከኬንያዊው ቤን ጂፕቾ ቀጥሎ ብር አግኝቷል። ከሙኒክ እስከ ሌጎስ ያለው ጊዜ አምስት ወር አይሞላም።

ሞንትሪያል

በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን የሆኑ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ወጡ። ምክንያቱ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በአፓርታይድ ሥር ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወቱ ነበር። በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቁን የወሰደው እንደገና ቪረን ሆነ።

ለብዙ ሯጭ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። በይፋዊ ዕድሜው ምሩጽ ያን ጊዜ 32 ዓመቱ ነው። በ1969 ዓ.ም. በፖርቶ ሪኮ፣ ኮዋሞ ከተማ በግማሽ ማራቶን 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ሮጠ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በዱሰልዶርፍ የተጀመረውን የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ በሁለቱም ርቀቶች አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ዋንጫው በሞንትሪያል ሲደረግ እዚያም ሁለቱን ደገማቸው። በኦሎምፒክ ባልሮጠባት ከተማ።

ሞስኮ

የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ተካሄደ። በአሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ሥር የነበረው ቡድን ምሩጽን፣ መሐመድ ከድርንና ቶሎሳ ቆቱን አሰለፈ። ሦስቱ እየተቀያየሩ ፍጥነቱን ሲጨምሩና ሲቀንሱ ሌሎቹን አደከሙ፤ ዛሬ በአገራችን የስፖርት ጋዜጠኞች «የቡድን ሥራ» የሚሉት ይህን ዓይነቱን አሯሯጥ ነው። ቪረንም ነበረ፣ ዙሮቹ ሲያልቁ ለመምራት ሞከረ። 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩጽ ወጣ። ማንም አልተከተለውም።

ሰዓቱ 27 ደቂቃ ከ42.69 ሰከንድ ነበር። ፊንላንዳዊው ካርሎ ማኒንካ ሁለተኛ፣ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ። ይህን ሰዓት ከሙኒኩ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል፤ ወርቁ ከነሐሱ በ1.73 ሰከንድ የዘገየ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ምሩጽ በሰዓት አልፈጠነም። የተለወጠው መቼ መውጣት እንዳለበት ማወቁ ነው። በደርሃም አንድ ዙር አስቀድሞ የወጣው ሯጭ በሞስኮ ሰዓቱን ጠብቆ ወጣ።

የ5,000 ሜትር ፍጻሜ ሐምሌ 25 ቀን ነበር። እዚህ ከማጣሪያና ከግማሽ ፍጻሜ ማለፍ ነበረበት፤ የ10,000 ሜትሩ ማጣሪያ ሲታከል በዘጠኝ ቀን ውስጥ በውድድር ብቻ 35 ኪሎ ሜትር ሮጧል። በመጨረሻው ዙር በሯጮች መሐል ተከበበ፤ በውስጥ መስመር ተይዞ መውጫ አጣ። 300 ሜትር ያህል ሲቀር ከፊቱ የነበረው መሐመድ ከድር ጎን ብሎ መንገድ እንደለቀቀለት ይተረካል። ምሩጽ በዚያ ክፍተት ሾልኮ በ13 ደቂቃ ከ20.91 ሰከንድ አሸነፈ። ታንዛኒያዊው ሱለይማን ኒያምቡዪ ሁለተኛ፣ ማኒንካ ሦስተኛ፣ አየርላንዳዊው ኢመን ኮግላን አራተኛ ወጡ። ስለ አንድ ሰው ጽናት ሲወራ የከድር ስም ከዚህ ውድድር ሊለይ አይገባም።

በዚህ ድል ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። በሶቪየት የአፍጋኒስታን ወረራ ምክንያት አሜሪካ በመራችው አድማ ኬንያም ስለገባችበት፣ የሁለቱም ርቀቶች ክብረ ወሰን ባለቤት ሄንሪ ሮኖ ሞስኮ አልነበረም። ሮኖ ቢኖር ውጤቱ ምን ይሆን ነበር ማለት ግምት ነው። ሮኖም እንደ ምሩጽ የሞንትሪያልን ዕድል በአድማ ያጣ ሯጭ መሆኑ ግን ሊታወስ ይገባል፤ ለእሱ ሦስተኛ ዕድል አልመጣለትም።

የዕድሜው ጥያቄ

ከሞስኮ በኋላ የውጭ ጋዜጠኞች ከሩጫው ይልቅ ዕድሜውን መጠየቅ አበዙ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ፀጉሩ ሳስቷል፣ ፊቱም አብረውት ከሚሮጡት የበሰለ ይመስል ነበር። ከ33 እስከ 42 ዓመት የሚደርሱ ግምቶች ታትመዋል። በይፋዊው የልደት ቀን ከሄድን 36 ነበር።

እሱ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ በምሳሌ መመለሱን የውጭ ጋዜጦች ጽፈዋል፤ ሰው ዶሮውንም በጉንም ሊሰርቀው እንደሚችል፣ ዕድሜውን ግን ማንም እንደማይሰርቀው የሚል መልስ ነበር። አንዳንዶች ይህን እንደ ማምለጫ ወሰዱት። ለገጠር ኢትዮጵያ ሰው ግን እንግዳ አነጋገር አይደለም። በ1930ዎቹ በትግራይም ሆነ በሌላው ክፍለ ሀገር የተወለደ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም፤ ዕድሜ የሚቆጠረው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ከቀዳማይ ወያነ ወዲህ፣ ከእገሌ ታላቅ ከእገሌ ታናሽ እየተባለ ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ምሩጽ ያረፈው ከዚያ አራት ወር በኋላ ነው።

ስለዚህ ግንቦት 7 ቀን 1936 የሚለው ቀን በዓለም አቀፍ መዝገቦች የሠፈረ ስለሆነ እዚህም ተይዟል፤ ከዚያ በላይ እርግጠኝነት ሊሰጠው አይችልም። 36ም ይሁን 40፣ በዘጠኝ ቀን አምስት ጊዜ ተሰልፎ ሁለት ወርቅ ማግኘቱን የሚቀንሰው ነገር የለም፤ ዕድሜው ከፍ ባለ ቁጥር የድሉ ክብደትም አብሮ ከፍ ይላል።

ቅጽሉ

«ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በመጨረሻው ዙር ፍጥነቱን እንደ መኪና በአንድ ጊዜ ስለሚለውጥ ነው። በእንግሊዝኛም ከአባቱ ስም ጋር ቤት የሚመታ ተመሳሳይ ቅጽል አለው፤ የአማርኛው ከዚያ የተወሰደ ሳይሆን አይቀርም።

የኋለኛው ዘመን

ሩጫ ካቆመ በኋላ በአሠልጣኝነት አገልግሏል። የመጨረሻ ዓመታቱን በቶሮንቶ ኖረ፤ በመተንፈሻ አካል ሕመም በዚያው አረፈ። አስከሬኑ ወደ አገሩ መጥቶ አዲስ አበባ ተቀበረ።

ተከታዮቹ

በሞስኮ ወቅት በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የምሩጽን ድል በሬዲዮ እንደሰማና ሯጭ ለመሆን ያነሣሣው ያ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ኃይሌ በ10,000 ሜትር ሁለት የኦሎምፒክ ወርቆች አገኘ፤ የ5,000 ሜትሩን ግን አላገኘም። ቀነኒሳ በቀለ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ሁለቱን እስኪያሸንፍ ድረስ፣ ለ28 ዓመታት በአንድ ኦሎምፒክ 5,000 እና 10,000 ሜትርን የደረበ ኢትዮጵያዊም ሆነ የሌላ አገር ወንድ ሯጭ አልነበረም።