ማቀፍና ማዘል፦ የሕፃናት ማዘያ ታሪክ ከአንቀልባ እስከ ካንጋሩ እንክብካቤ

መግቢያ

ልጅን አዝሎ ማሳደግ ከሕክምና ሙያ በፊት የነበረ ልማድ ነው። በአገራችን ደጋም ሆነ ቆላ እናት ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ገበያ ስትወጣ ልጇ ከጀርባዋ አይለይም። ታላቅ እህትና አያትም ማዘሉን ይጋራሉ። ልማዱ ከዕለት ተዕለት ኑሮ ጋር የተዋሐደ በመሆኑ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል። እናት ለክትባት ወይም ለድኅረ ወሊድ ክትትል ስትመጣ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ እትብት አያያዝ ትጠየቃለች፤ ልጇን በምንና እንዴት እንደምትይዝ ግን እምብዛም አትጠየቅም።

የአማርኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ አንድ ጠቃሚ ልዩነት ያስቀምጣል። ማዘል በጀርባ ነው፤ ማቀፍ በደረት ነው። ባለፉት 40 ዓመታት የተካሄዱ ምርምሮች እንዳሳዩት ይህ ልዩነት ከቋንቋ ያለፈ፣ ለአራስ ሕፃን ሕይወት ወሳኝ ሊሆን የሚችል ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የማዘያን ታሪክ ባጭሩ በመቃኘት፣ አዲስ ወላጅ “የትኛው ማዘያ ይሻላል?” ብሎ ሲጠይቅ የጤና ባለሙያው በምን መሠረት ሊመልስ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

አንቀልባና የአራስ ቤት ወግ

በአገራችን ጥንታዊው የሕፃን ማዘያ አንቀልባ ነው። አንቀልባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በዛጎልና በጨሌ ያጌጣል። የሕፃኑን መቀመጫና ጀርባ ደግፎ በማንገቻው ከእናቲቱ ትከሻና ደረት ጋር ይታሰራል። ቆዳው ሲለፋ ስለሚለሰልስ የሕፃኑን ገላ ቅርጽ ይከተላል፤ ጠንካራ በመሆኑም ከአንዱ ልጅ ወደ ተከታዩ ይተላለፋል። የሽመና ልብስና የፋብሪካ ጨርቅ በየገበያው ሲበዛ ግን ነጠላ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ የአንቀልባን ቦታ በአብዛኛው ያዙ።

በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ከማዘያው የሚቀድም ሌላ ሥርዓት አለ። የወለደች ሴት በግንባሯ ላይ ቀነፋ ታስራለች። ቀነፋ ያሰረች ሴት ከባድ ሥራ አይጠበቅባትም፤ እጅ የሚያነሣባት ሰውም በማኅበረሰቡ ዘንድ ያስጠይቀዋል። የሲንቄ በትር የያዙ ሴቶችም ይህ መብት ሲጣስ በአንድነት ይቆማሉ። በሌላ አነጋገር፣ ማኅበረሰቡ እናትና አራስ ልጅ ሳይለያዩ የሚቆዩበትን ጊዜ በሕግ ደረጃ ጠብቆላቸው ኖሯል። ከሕክምና አንጻር ሲታይ ይህ ጊዜ ሕፃኑ ከጀርባ ይልቅ በእናቱ እቅፍና አልጋ የሚቆይበት ጊዜ በመሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው።

ማዘል የተናቀበት ዘመን

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ታሪኩ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕፃናት ጋሪ በከተሞች ተስፋፋ። ሕፃኑም ከእናቱ ገላ ርቆ መተኛት የሥልጡን አስተዳደግ ምልክት ተደርጎ ይታይ ጀመር። የኒውዮርኩ የሕፃናት ሐኪም ሉተር ኤሜት ሆልት እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳተመው የሕፃናት አያያዝ መጽሐፍ ሕፃናትን እሹሩሩ እያሉ ማስተኛትን ከሚነቅፉት ወገን ነበር። መጽሐፉ ለበርካታ ዓመታት በተደጋጋሚ ታትሞ በብዙ ቤተሰብ ተነቧል።

በሆስፒታሎችም ተመሳሳይ ለውጥ ተካሄደ። ፈረንሳዊው የማኅፀን ሐኪም ስቴፋን ታርኒዬ በፓሪስ የእንስሳት ማሳያ የዶሮ ጫጩት ማስፈልፈያ ካየ በኋላ፣ ከ1880 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃናት የሚሆን ማሞቂያ ሣጥን በፓሪስ የማዋለጃ ሆስፒታል በሥራ ላይ አዋለ። ማሞቂያው ብዙ ሕይወት ያተረፈ ታላቅ ፈጠራ ነው። ይሁን እንጂ ከእርሱ ጋር አንድ አስተሳሰብ ተከትሎ መጣ፦ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ተለይቶ በመሣሪያና በባለሙያ እጅ ብቻ መቆየት አለበት የሚል። ይህ አስተሳሰብ በታዳጊ አገሮች ሆስፒታሎችም ሥር ሰደደ፤ ማሞቂያው በቂ ባልሆነበት፣ መብራት በሚቋረጥበት ሁኔታ እንኳ እናት ከክፍሉ ውጭ እንድትጠብቅ ይደረግ ነበር።

የማዘል ልማድ ወደ ምዕራቡ ዓለም የተመለሰው ከአፍሪካ ነው። አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ በቶጎ በበጎ ፈቃድ ስታገለግል እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ አዝለው ሲሠሩ ተመለከተች። አገሯ ተመልሳ ልጅ ስትወልድ ከእናቷ ጋር ሆና ማንገቻ ያለው የጨርቅ ማዘያ ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1969ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበች። ዛሬ በከተሞቻችን የሚሸጡት ባለ ማንጠልጠያና ባለ መቆለፊያ ማዘያዎች የዚህ ዓይነቱ ሥራ ተከታዮች ናቸው። ስለዚህ የፋብሪካው ማዘያ ለአፍሪካ እናት እንግዳ ፈጠራ አይደለም፤ ከራሷ ልማድ ተወስዶ በሌላ መልክ የተመለሰላት ነው።

ከቦጎታ እስከ አዲስ አበባ

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ በሚሠሩበት የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ማሞቂያዎች ከሕፃናቱ ቁጥር ጋር አልመጣጠን አሉ። በአንድ ሣጥን ከአንድ በላይ ሕፃን ይተኛ ስለነበር ተላላፊ በሽታ በረታ። ሐኪሙ ክብደታቸው ዝቅ ያሉ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ የማሰር ዘዴ ጀመሩ፤ ዶክተር ሄክቶር ማርቲኔዝም ሥራውን አጠናከሩት። ዘዴው ልጇን በኪሷ ይዛ ከምታሳድገው እንስሳ በመነሣት የካንጋሩ እናት እንክብካቤ የሚል ስም አገኘ።

ዘዴው ለድሆች አገሮች ብቻ የሚሆን አማራጭ ነው የሚለው ጥርጣሬ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ይህን ጥርጣሬ ለማጥራት ኢትዮጵያ የበኩሏን አስተዋጽኦ አድርጋለች። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት በአዲስ አበባ፣ በኢንዶኔዥያዋ ዮግያካርታና በሜክሲኮዋ ሜሪዳ ክብደታቸው ከ1,000 እስከ 1,999 ግራም የሆኑ 285 ሕፃናትን አካትቷል። በካንጋሩ እንክብካቤ የነበሩት ሕፃናት የሰውነት ሙቀታቸው የሚወርድበት አጋጣሚ ያነሰ፣ የዕለት ክብደት ጭማሪያቸው የተሻለ፣ በጡት ወተት ብቻ የሚመገቡትም ቁጥር የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ወጪውም ዝቅተኛ ነበር።

ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናት ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው መመሪያ ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ ብቻ ካንጋሩ እንክብካቤ እንዲጀመርለት ያዝዝ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን እንክብካቤውን ከተወለዱ በአማካይ 10 ሰዓት ገደማ ለሆናቸው፣ ገና ላልተረጋጉ ሕፃናት ጀመሩ። በመደበኛው እንክብካቤ ከነበሩት ሕፃናት 38 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ በካንጋሩ እንክብካቤ ከነበሩት የሞቱት 22.5 በመቶ ያህል ነበሩ። ጥናቱ አነስተኛ በመሆኑ ብቻውን ዓለም አቀፍ መመሪያ አላስለወጠም።

ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ 3,211 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ውጤት ይፋ ሆነ። ወዲያው የተጀመረ የካንጋሩ እንክብካቤ በ28 ቀናት ውስጥ የሚከሰተውን ሞት ከ15.7 በመቶ ወደ 12 በመቶ ዝቅ አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያውን አሻሻለ። ራሳቸውን ችለው መተንፈስ ካልቻሉ፣ በመሣሪያ መተንፈስ ከሚያስፈልጋቸው ወይም በከባድ የደም ዝውውር ችግር (ሾክ) ላይ ካሉት በቀር፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ወይም ክብደታቸው ዝቅ ያሉ ሕፃናት ሁሉ ከተወለዱ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት በዚህ እንክብካቤ እንዲቆዩ ይመክራል። የአዲስ አበባው ጥናት የጠቆመው መንገድ ትክክለኛ እንደነበር በዚህ ተረጋገጠ።

ጀርባና ደረት፦ የልማዱ ጥቅምና ገደብ

ከዚህ ታሪክ “እናቶቻችን ድሮም ያውቁት ነበር” የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ቀላል ነው። ድምዳሜው ግን ግማሽ እውነት ነው። አንቀልባ ሕፃኑን ከልብስ በላይ፣ በጀርባ ይይዛል፤ የካንጋሩ እንክብካቤ ግን ሕፃኑን ራቁት ገላውን በእናቱ ጡቶች መካከል ያሳርፈዋል። በደረት ያለ ሕፃን ፊቱ ይታያል፣ ትንፋሹ ይሰማል፣ ጡትም በአፉ አጠገብ ነው። በጀርባ በጋቢ የተሸፈነ አራስ ሕፃን ትንፋሹ ቢቆም እናቱ በቶሎ አታውቅም።

ማዘል ለጠና ሕፃን የሚሰጠው ጥቅም ግን የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በካናዳ የታተመ ጥናት በተጨማሪ ሰዓት የታቀፉና የታዘሉ ሕፃናት በስድስት ሳምንት ዕድሜያቸው ልቅሷቸው በ43 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። እግሮቹ ተከፍተው በእናቱ ወገብ ዙሪያ የሚታዘል ሕፃን የዳሌው መገጣጠሚያ በጥሩ ሁኔታ ያድጋል። በአንጻሩ እግሩ ተዘርግቶ በጥብቅ የሚጠቀለል ሕፃን ዳሌው ከቦታው ለመውጣት ይጋለጣል። ጃፓን በ1970ዎቹ የሕፃናትን እግር ዘርግቶ መጠቅለልን በመቃወም ባካሄደችው ዘመቻ ችግሩን በእጅጉ መቀነሷ የሚጠቀስ ነው።

ከማዘያው ይልቅ ማዘያው የሚገኝበት ቦታ የሚያስከትለው ጉዳትም አለ። በጋምቢያ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት፣ ምግብ በሚበስልበት ጊዜ በእናታቸው ጀርባ የሚታዘሉ ሴት ሕፃናት ለመተንፈሻ አካላት በሽታ ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210 የሚሆኑት ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ 500 ሕፃናት ግን 20 ብቻ። ሪኬትስ የፀሐይ ብርሃን በማጣት የሚመጣ በመሆኑ፣ ዘወትር በወፍራም ልብስ ተሸፍኖ የሚታዘል ሕፃን ገላው ለፀሐይ የሚጋለጥበት ጊዜ ሊመደብለት ይገባል።

የፋብሪካ ማዘያም ከአደጋ ነጻ አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ከጎን በሚንጠለጠል የከረጢት ዓይነት ማዘያ ምክንያት በ20 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 14 ሕፃናት መሞታቸውን አስታውቋል፤ ከእነዚህ 12ቱ ከአራት ወር በታች ነበሩ። የሞቱ ዋና ምክንያት አገጭ በደረት ላይ መታጠፍና አፍንጫ በጨርቅ መታፈን ነው።

ምርጫው በባሌ ደጋ

ይህ ሁሉ በጎሮ ምን ትርጉም አለው? ጎሮ ከሮቤ በስተምሥራቅ፣ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በጎሮ ወይም በዙሪያዋ ቀበሌዎች ክብደቱ ዝቅ ያለ ሕፃን ሲወለድ፣ ከፍ ያለ ሕክምና የሚገኘው በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚተዳደረው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ያላነሰ ከፍታ አላቸው፤ ከጎባ በላይ የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል። በዚህ ብርድ 1,600 ግራም የሚመዝን ሕፃን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በዘመድ ክንድ ቢጓዝ፣ ብርድ ልብሱ ሙቀትን ይጠብቃል እንጂ ሙቀትን አያመነጭም። ሕፃኑ ራሱን የማሞቅ አቅም የለውምና በየኪሎ ሜትሩ ይቀዘቅዛል። በእናቱ ደረት ገላ ለገላ ቢታሰር ግን ከቤት እስከ ሆስፒታል ድረስ ሙቀት የሚሰጠው ምንጭ ከእርሱ ጋር ይጓዛል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነጠላ፣ አንድ ቆብና የሠለጠነ እጅ ነው። እናት ከታመመች አባት ወይም አያት ሊተኳት ይችላሉ።

ስለሆነም አዲስ ወላጅ ማዘያ ሲመርጥ ባለሙያው ከዋጋና ከዓይነት በፊት የሕፃኑን ዕድሜና ክብደት ይጠይቅ። ክብደቱ ዝቅ ላለ ሕፃን መልሱ አንድ ነው፦ ማቀፍ፣ ገላ ለገላ። ጤናማ ለሆነ አራስም አንገቱ እስኪጠና፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ እስከ አራተኛው ወር ድረስ፣ ደረት ከጀርባ ይመረጣል። አንገቱ ሲጠና አንቀልባም፣ ነጠላም፣ የፋብሪካ ማዘያም እኩል ሊያገለግሉ ይችላሉ። ሁሉም የሚመዘኑት በአንድ መስፈርት ነው፦ ፊቱ የሚታይ፣ አገጩ ከደረቱ የተለየ፣ ጀርባው የተደገፈ፣ ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለው እግሮቹ የተከፈቱ፣ ማሰሪያውም እናት ጎንበስ ስትል የማይላላ መሆን አለበት። ምድጃ ሲነድድ ልጁ ከጀርባ ወርዶ ጭስ ወደማይደርስበት ይወሰድ።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 29 በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ ሲያሳይ፣ የ2019ኙ አነስተኛ ጥናት ቁጥሩን 33 አድርሶታል። በሌላው ዕድሜ የሚከሰተው የሕፃናት ሞት ሲቀንስ የአራሶች ሞት አልንቀሳቀስ ማለቱ፣ ርካሽና ውጤታማ የሆኑ ዘዴዎችን በየጤና ጣቢያው አጥብቆ መያዝን ይጠይቃል። ለማዘል የዳበረ ባህል ያለው ሕዝብ ማቀፍን ለመቀበል አይቸገርም። በባሌ ደጋ ደግሞ እናትን ከልጇ ሳይለይ የሚያሳርፍ የቀነፋ ወግ አስቀድሞ አለ። ከባለሙያው የሚጠበቀው በእናቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ነጠላ ከጀርባ ወደ ደረት አዙሮ ማሰርን ማሳየትና፣ ሕፃኑ ሲጠና ወደ ጀርባ የሚመለስበትን ጊዜ መንገር ነው።