ሰውነት ቢሻውና የዋልያዎቹ የኋላ መስመር

አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ከ2004 እስከ 2006 ዓ.ም. ዋልያዎቹ የሚባለውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን መርተው ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱ፣ ለዓለም ዋንጫም አንድ የደርሶ መልስ ጨዋታ ብቻ እስኪቀረው ያደረሱ ባለሙያ ናቸው። ሕዝቡ ያን ዘመን የሚያስታውሰው በሳላዲን ሰዒድ፣ በጌታነህ ከበደና በአዳነ ግርማ ጎሎች ነው። የአሰልጣኙን ሥራ በትክክል ለመመዘን ግን ወደ ሌላው የሜዳ ጫፍ፣ አምበሉ ደጉ ደበበና ጓደኞቹ ወደቆሙበት መመልከት ያስፈልጋል። ቡድኑን ያቆመውም የጣለውም ያለው እዚያ ነው።

ኢትዮጵያ በአህጉሩ ኳስ ስሟን ያስጠራችው በማጥቃት ነበር። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድን ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ጥር 13 ቀን በፍጻሜው ደግሞ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። በሁለቱም ጨዋታ ሁለት ሁለት ጎል ተቆጥሮበታል፤ አራት አራት ስላገባ ግን ማንም ስለ ተከላካዩ አልተጨነቀም። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። በመንግሥቱ ወርቁ የሚሠለጥነው ቡድን በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ፣ ከአልጄሪያ 0 ለ 0 ወጥቶ አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሦስት አሥርተ ዓመታት ያለ አፍሪካ ዋንጫ አለፉ።

ሰውነት ቢሻው ቡድኑን የተረከቡት ቤልጂየማዊው ቶም ሴንትፊት ከለቀቁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ሶማሊያ ነበረች። ጅቡቲ ላይ 0 ለ 0፣ አዲስ አበባ ላይ 5 ለ 0 ሆኖ ኢትዮጵያ ወደ ዓለም ዋንጫው የምድብ ማጣሪያ አለፈች። ለአፍሪካ ዋንጫው ደግሞ ቤኒን ገጠመቻት። በሜዳዋ ያለ ጎል ወጥታ በኮቶኑ 1 ለ 1 በመለያየቷ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባችው ጎል ብልጫ ወደ ቀጣዩ ዙር ተሻገረች።

በዚያ ዙር የተደረገው የሱዳኑ የደርሶ መልስ ግን የኋላ መስመሩን ሁለት ገጽታ በአምስት ሳምንት ውስጥ አሳየ። ሱዳን ላይ ኢትዮጵያ 5 ለ 3 ተሸነፈች። አምስት ጎል የተቆጠረበት ቡድን እንዲህ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ተስፋው አብሮ ይቀራል፤ ሦስቱ ያገባቸው ጎሎች ግን በእጁ ነበሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ሥራው ሁለት ጎል ማግባት ብቻ አልነበረም፤ አንድም እንዳይቆጠር ማድረግ ነበረበት። ሱዳን አንድ ብታገባ ሁለቱ ጎሎች አይበቁም ነበር። ከእረፍት መልስ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አገቡ፣ በሩ እንደተዘጋ ቆየ፣ በድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ኢትዮጵያ ከሜዳ ውጪ ባገባችው ጎል ብልጫ አለፈች። የዚያን ቀን ደስታ የአጥቂዎቹ ሆኖ ይነገራል። 5 ለ 3 የተሸነፈውን የተከላካይ መስመር በአምስት ሳምንት ውስጥ አረጋግተው ጎል ሳይገባበት ያስወጡት አሰልጣኝ ግን ከአጥቂዎቹ እኩል ሊመሰገኑ ይገባል።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የ1954ቱ ፍጻሜ በተካሄደበት ዕለት ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ ዋልያዎቹ በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከተማ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠሙ። ሳላዲን የመታውን ፍፁም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዌኔ አዳነበት። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ ኳስ ሊያርቅ እግሩን ሲያነሳ የዛምቢያውን ቺሳምባ ሉንጉን መታውና ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ተቀይሮ ገባ፤ እረፍት ሊወጡ ሲሉም ኮሊንስ ምቤሱማ አገባ። ከእረፍት መልስ አሥር የቀሩት ኢትዮጵያውያን አፈግፍገው አልተከላከሉም፤ ኳሱን ይዘው ተጫወቱ፣ በ65ኛው ደቂቃም አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ጎል ስታገባ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ቡድን በቁጥር ሲያንስ የሚከላከልበት አንዱ መንገድ ኳሱን ለተጋጣሚው አለመስጠት እንደሆነ ያ ሁለተኛ አጋማሽ በግልጽ አስተምሯል።

አራት ቀን ቆይቶ ያው ትምህርት በተቃራኒው መጣ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር በነበረው ጨዋታ ቀይ ካርድ ያየው የተጋጣሚው ግብ ጠባቂ ነበር። ኢትዮጵያ አንድ ሰው በልጣ፣ 1 ለ 0 እየተመራች፣ አቻ ለመሆን ሁሉም ወደ ፊት ሄደ፤ ከኋላ የቀረው ባዶ ሜዳ ለእነ አላን ትራኦሬና ጆናታን ፒትሮይፓ ሩጫ ተመቸ። አሥር የነበሩት ቡርኪናዎች ሦስት ጎል ጨምረው 4 ለ 0 አሸነፉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ ከተጫዋቾቹ ይልቅ የአሰልጣኙ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ወደ ፊት የሚሄዱትንና ከኋላ የሚቀሩትን ሰዎች የሚወስኑት እሳቸው ናቸውና።

ሦስተኛው ጨዋታ ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ነበር። እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ በሩ አልተደፈረም። ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት አገባ። በሁለተኛው ጥፋት ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ ከሜዳ ተባረረ፤ የመቀየሪያ ዕድሉ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ። በሦስት ጨዋታ ሁለት ግብ ጠባቂዎች በቀይ ካርድ ወጡ፣ ሰባት ጎልም ተቆጠረ። ለፍትሕ ሲባል ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ የዚያን ዓመት ፍጻሜ የተጫወቱት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ፣ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ምድብ የወጡ ነበሩ።

የሰውነት ቢሻው ትልቁ የመከላከል ሥራ የሚገኘው በአፍሪካ ዋንጫው ሳይሆን በዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ነው። ምድቡ ደቡብ አፍሪካን፣ ቦትስዋናንና መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን የያዘ ነበር። ሩስተንበርግ ላይ ከደቡብ አፍሪካ 1 ለ 1፤ አዲስ አበባ ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 0፣ ቦትስዋናን 1 ለ 0፤ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋና ድረስ ሄዶ 2 ለ 1፤ ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1፤ ጳጉሜ 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1። በስድስት ጨዋታ ሜዳ ላይ የተቆጠሩት ጎሎች አራት ብቻ ናቸው፤ በአንድ ጨዋታ ከአንድ በላይ የገባበት ቀን የለም፤ ሽንፈትም የለም። ደጉ ደበበ፣ አይናለም ኃይሉ፣ አበባው ቡታቆና ስዩም ተስፋዬን የመሰሉ ተከላካዮች አብረው መጫወትን የለመዱበት፣ አማካዮቹም ኳስ ሲነጠቁ ቶሎ ወደ ኋላ የሚመለሱበት ጊዜ ነበር።

ይህን ሁሉ ልፋት ሊያጠፋ የተቃረበው የወረቀት ስሕተት ነው። አማካዩ ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም፤ ተሰለፈ። ሕዝቡ በደቡብ አፍሪካ ላይ በተገኘው ድል አደባባይ በወጣበት በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳዩን መመርመር መጀመሩን አስታወቀ። የቦትስዋናው ድል ተሰርዞ 13 የነበረው ነጥብ ወደ 10 ወረደ፤ ምድቡን በአንደኝነት ለመጨረስም የብራዛቪሉ ድል የግድ ሆነ። ካርድ መቁጠር የቡድን መሪውም፣ የፌዴሬሽኑም፣ የአሰልጣኙም ሥራ ነው፤ ሦስቱም ወገን ሳያዩት አለፈ።

የመጨረሻው የደርሶ መልስ ዕጣ ያወጣው ናይጄሪያን ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ኢትዮጵያን መሪ አደረገ። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገና በ90ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። ኅዳር 7 ቀን በካላባር ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፈች፤ የመጀመሪያው ጎል አሁንም የሞሰስ ፍፁም ቅጣት ምት ነበር። ናይጄሪያ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በሦስት ጨዋታ በኢትዮጵያ ላይ ካገባቻቸው ስድስት ጎሎች አራቱ በፍፁም ቅጣት ምት የተገኙ ናቸው። የዓለም ዋንጫውን በር የዘጋው የችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም፤ በራስ ክልል ውስጥ የሚሠራ ጥፋት ነው። ድካም ሲመጣ ተከላካይ በእግሩ ቦታ መያዝ ያቅተውና እጁን ይዘረጋል፣ ይጎትታል። ያን የሚያርመው ልምምድና የአካል ብቃት ነው።

በጥር ወር ደግሞ በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች ብቻ በሚካሄደው የቻን ውድድር ቡድኑ በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተሸነፈ፤ አራት ጎል ገብቶበት አንድም አላገባም። አሰልጣኙ ከዚያ ሲመለሱ ተሰናበቱ፤ ቦታቸውንም ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ወሰዱ። በሁለት ዓመት ሁለት ታላላቅ ደረጃዎች ላይ ያደረሰን ሰው በአንድ ውድድር ውጤት ማሰናበት የችኮላ ውሳኔ ነበር።

የኋላ መስመሩ ችግር ግን የአንድ አሰልጣኝ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሁሉን ይሸከማል። ሉማሜን በመሰለች ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት ቡድን የሚይዝ የስፖርት መምህር አጥቂውንም፣ ተከላካዩንም፣ በረኛውንም ብቻውን ያሠለጥናል፤ ብሔራዊ ቡድኑም ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቀም። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ መሪነት ካሜሩን ላይ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስም የመጀመሪያው ጨዋታ በ12ኛው ደቂቃ በተከላካዩ ያሬድ ባየህ ቀይ ካርድ ተበላሸ፤ በሦስት ጨዋታም ስድስት ጎል ተቆጠረ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና አሰልጣኞችን የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. የተደረጉትን የስድስቱን የማጣሪያ ጨዋታዎች ፊልም አውጥተው ለሠልጣኞች ያሳዩ።