የማይቋረጥ ኃይልና የመጀመሪያው ቀን ፈተና

የኤሌክትሪክ ኃይል ለሰው ልጅ ኑሮ አገልጋይ ከሆነበት ጊዜ አንሥቶ መሐንዲሶችን ሲያሳስብ የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ኃይሉ በድንገት ቢቋረጥ ሥራው በምን ይቀጥላል የሚለው ነው። ለመልሱ መሠረት የጣለው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ነው። የስልክ ማዕከሎችም ሃያ አራት ሴሎችን በተከታታይ አያይዘው 48 ቮልት በማግኘት፣ ባትሪውን ከሬክቲፋየርና ከመሣሪያው ጋር ሁልጊዜ እንደተገናኘ ያኖሩት ጀመር። የመሥመሩ ኃይል ሲጠፋ ባትሪው ያለ አንዳች ማብሪያ ሥራውን ይረከባል።

ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ለሚሹ መሣሪያዎች ግን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ ሞተርና ጄኔሬተር ከከባድ ሽክርክሪት ጎማ ጋር ተጣምረው ለጥቂት ሰከንዶች ኃይል ያቆዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ታይሪስተርን ካስገኘ በኋላ ደግሞ የሚሽከረከር አካል የሌለው ኢንቨርተር ለመሥራት መንገዱ ተከፈተ፤ ዛሬ ዩ.ፒ.ኤስ. የሚባለው መሣሪያም በዚሁ መንገድ መጣ።

የተጠባባቂ ኃይል ትርጉም በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1965 ነው። በዚያን ዕለት ከቀኑ 11 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ፣ በካናዳ ኦንታሪዮ በሰር አዳም ቤክ ጣቢያ፣ በ1963 መሥመሩ ሊሸከም ከሚችለው በታች የተስተካከለ አንድ ሪሌ መሥመሩን ቆረጠ። ጭነቱ ወደ ቀሩት መሥመሮች ዞሮ እነርሱም ተከታትለው ወደቁ፤ ሠላሳ ሚሊዮን ያህል ሕዝብም በጨለማ ተዋጠ። ስልኩ ግን በባትሪዎቹ ኃይል መሥራቱን ቀጠለ።

በአንጻሩ በኒው ዮርክ በሬቨንስውድ ጣቢያ የነበረው 1,000 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ ተርባይን፣ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሲቆም የዘይት ፓምፑ ኃይል በማጣቱ ኩሽኔታዎቹ ተጎዱ። ከተማን የሚያበራ ማሽን ለአንዲት ፓምፕ የሚሆን ተጠባባቂ ኃይል አልነበረውም። የእንፋሎት ጣቢያዎቹንም እንደገና ለማስነሣት ከውጭ የሚመጣ ኃይል አስፈለገ፤ በአንዳንድ ስፍራ መብራቱ እስኪመለስ 13 ሰዓት ያህል ፈጀ።

አዲስ የተተከለ ዩ.ፒ.ኤስ. ሥራ ሲጀምር የሚፈጸመው ቅደም ተከተል ከዚህ ታሪክ ጋር ሲታይ ምክንያቱ ይገለጻል። በቅድሚያ የመግቢያው ቮልቴጅና የፌዞቹ ተራ፣ እንዲሁም የባትሪው አዎንታዊና አሉታዊ ጫፎች ይመረመራሉ። ከዚያም ሬክቲፋየሩ ተነሥቶ ካፓሲተሮቹ በሬዚስተር በኩል ቀስ በቀስ ይሞላሉ፤ ባዶ ካፓሲተር ላይ ባትሪ በድንገት ቢገናኝ የሚፈሰው ከፍተኛ ከረንት ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላልና። ቮልቴጁ ከባትሪው ጋር ሲቀራረብ የባትሪው ብሬከር ይዘጋል። በመጨረሻም ኢንቨርተሩ ከተለዋጩ መሥመር ጋር ተጣጥሞ ጭነቱን ይረከባል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በመልካም ቢከናወንም የመሥመሩ ኃይል ስላልተለየ የተረጋገጠ ነገር የለም። እውነተኛው ፈተና ባትሪው በሚገባ ከተሞላ በኋላ፣ በሙከራ ጭነት ላይ ሳለ፣ የመግቢያውን ብሬከር ሆን ብሎ መክፈት ነው። በተከታታይ ከተያያዙት ሴሎች አንዱ ቢደክም ሁሉም ዋጋ ያጣሉ፤ ሲሞላ ጤነኛ መስሎ የታየው ሴል በጭነት ጊዜ ይጋለጣልና የእያንዳንዱ ቮልቴጅ በየደቂቃው መመዝገብ አለበት። የመቆጣጠሪያው ክፍልና የማቀዝቀዣው አየር መሳቢያ ከየት ኃይል እንደሚያገኙም በዚያው ሰዓት ይታወቃል።

የሬቨንስውድ ኩሽኔታዎች ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ ከሚተካው ኃይል እርዳታ የሚሻ ተጠባባቂ፣ ተጠባባቂ ሊባል አይችልም። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦች በርክክብ ሰነድ ላይ ፊርማቸውን ከማኖራቸው አስቀድመው መብራቱን ራሳቸው ማጥፋት ይገባቸዋል።